ወደ ላይ የወጣ ዓሣ ሁሉ ላይ የሚኖር አይደለም

ልጃችን ባር ሚጽዋ ባደረገበት ሰሞን፣ ዘመድ ወዳጅ የሰጠውን ገንዘብ ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ ጠየቅነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ይላል ብለን ሰግተን ነበር። እሱ ግን የባሕር ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ አኳሪየም የሚሉትን፣ ሳሎናችን ውስጥ እንድናቆምለት ለመነን። ደስ አለን። በሥራችን ከብስክሌት የወደቀ ልጅ ቁስል ስንት ጊዜ አጥበናል፤ ከዓሣ ገንዳ የወደቀ ግን እስከ ዛሬ አልመጣብንም።

ትሉሽ፣ የሥራ ውል፣ የስልክ ኩባንያና ብድር በሚነሣበት ገጽ ላይ ዓሣ ምን አመጣው የሚል አንባቢ ይኖራል። ያመጣው ገንዘቡ ነው፤ ያውም የልጅ ገንዘብ። ደግሞም ነገሩ ሱቅ ውስጥ ቆመው ሻጩ የሚለውን በሙሉ ሳይሰሙ የሚከፍሉ እናቶች፣ አባቶችና አያቶች ጉዳይ ነው።

ገንዳው ቆመ። ጨው ተበጥብጦ ተሞላ፣ ድንጋዩ ተደረደረ፣ ፓምፑና ፊልተሩ ተነሣ። በመጀመሪያው ሳምንት ጎቢ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ዓሦች ገቡ። እነሱ አሸዋው ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ስለሆኑ ልጁ ላዩ ባዶ ሆነበት። «ሁለተኛው ፎቅ ሰው የለበትም» አለን። ዓርብ ጠዋት እኛ ተረኛ ሆነን ክትባት ስንወጋና ቁስል ስናሽግ፣ እሱ አያቱን ይዞ ሱቅ ሄደ። እናታችን ለገበያና ለአውቶቡስ የሚበቃ ዕብራይስጥ አላት፤ የዓሣ ዕብራይስጥ ግን ማንም አላስተማራትም። ሻጩ ጠየቀ፣ ልጁ መለሰ፣ እሷ ከፈለች። አምስት ሰማያዊ አረንጓዴ ክሮሚስና አንድ ብርቱካንማ አንቲያስ በላስቲክ ከረጢት ይዘው ተመለሱ። «እነዚህ ላይ የሚዋኙ ናቸው፤ ክፍተቱን ይሞሉልሃል» ተብሎ ነበር።

እውነትም ሞሉት። ቅዳሜ ጠዋት ስድስቱም ከውኃው ጫፍ ሥር ተሰልፈው ነበር። እንግዳ መጣ፣ አየ፣ አደነቀ። ልጁ ኮራ። እናታችን ብቻ ከሶፋው ተነሥታ ወደ መስታወቱ ተጠጋችና ብዙ ቆየች። ከዚያም «ይኼ ዓሣ እኮ ትንፋሽ አጥሮታል» አለች።

ሳቅን። ልጁም «እማማ፣ ላይ የሚኖር ዓሣ ነው እኮ!» አላት።

«ላይ መኖሩን ይኑር የኔ ጌታ፤ ታዲያ ምን ያስለከልከዋል?» አለችው።

እኛ የሕፃናትን ትንፋሽ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሆነ እየቆጠርን ደመወዝ የምንበላ ሰዎች ነን። የልጅ የአፍንጫ ቀዳዳ ሲሰፋና ጎኑ ሲሰረጉድ ካየን ወረፋ እናስዘልላለን። የዓሣው የጆሮ ክዳን እንደ ወናፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ግን ቡናችንን እየጠጣን አየነው። እሑድ ጠዋት አራቱ ክሮሚስ በጎናቸው ተኝተው አገኘናቸው። አንቲያሱም እስከ ማታ አልቆየም።

ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ከዚያ እሑድ ወዲህ ያነበብነውን፣ የጠየቅነውንና በዓይናችን ያየነውን ነው።

በመጀመሪያ «ላይ የሚዋኝ ዓሣ» የሚለው አነጋገር ራሱ መስተካከል አለበት። በባሕር ውስጥ በእርግጥ ከውኃው ጫፍ ሥር የሚኖሩ ዓሦች አሉ፤ ከውኃው እየዘለሉ በአየር የሚንሳፈፉት አንዶቹ ናቸው። እነዚያ ግን ሳሎን ውስጥ የሚቀመጡ አይደሉም። ሱቅ ውስጥ ላይ የሚዋኙ ተብለው የሚሸጡት ከኮራሉ ድንጋይ ከፍ ብለው ማዕበል የሚያመጣላቸውን ጥቃቅን ምግብ፣ ፕላንክተን የሚባለውን፣ እየለቀሙ የሚውሉት ናቸው። የእነሱ «ላይ» ከመጠለያቸው በላይ ማለት ነው። ጥላ ሲያዩ ወይም ሲደነግጡ ተወርውረው ድንጋዩ ውስጥ ይገባሉ፤ ሲመሽም እዚያው ያድራሉ። ስለዚህ ላዩን ሕይወት እንዲኖረው የሚፈልግ ሰው ዓሣ ከመግዛቱ በፊት በገንዳው በአንድ ወገን ድንጋዩን ከፍ አድርጎ፣ ዋሻ ዋሻ አድርጎ መደርደር አለበት። እኛ ድንጋዩን እንደ መደብ ዝቅ አድርገን አነጠፍነው። መሸሸጊያ የሌለው ዓሣ ደግሞ ወይ አንድ ጥግ ይደበቃል፣ ወይ ሲባንን ይውላል።

የገንዳው ቅርጽም እንዲሁ ነው። ቁመቱ ረጅም የሆነ ጠባብ ገንዳ «ብዙ ላይ» ያለው ይመስላል፤ ሻጮችም ትንሽ ቦታ ይይዛል እያሉ ያቀርቡታል። እነዚህ ዓሦች ግን የሚዋኙት ወደ ጎን ነው፤ እንደ አሳንሰር ወደ ላይና ወደ ታች አይመላለሱም። በተጨማሪም አየር ወደ ውኃው የሚገባው በላዩ ገጽ በኩል ነው፤ ገጹ ጠባብ ከሆነ ትንፋሹም ጠባብ ነው። እንግዲህ ርዝመትና ስፋት ይመረጥ። ክብደቱንም አስቡ፤ 200 ሊትር የባሕር ውኃ ብቻውን፣ ያለ መስታወቱና ያለ ድንጋዩ፣ ከ200 ኪሎ በላይ ነው። ከቁም ሣጥን ላይ በወረደ አሮጌ ጠረጴዛ የሚያዝ ሸክም አይደለም።

አሁን ወደ ትንፋሹ እንመለስ። ከሁሉ በላይ ልንናገረው የፈለግነው እሱን ነው።

የባሕር ውኃ እኩል ሙቀት ካለው ተራ ውኃ ጋር ሲነጻጸር የሚይዘው ኦክስጅን ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ውኃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። በዚህ አገር ነሐሴ ሲገባና ቤቱ ሲጋል፣ ገንዳው ውስጥ ያለው ዓሣ ከእኛ በፊት ይጨነቃል። ትንፋሽ ያጠረው ዓሣ የት ይሄዳል? ወደ ላይ። አየሩ ያለው እዚያ ነውና። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ዓሣው የሚያስወጣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ የዓሣውን ስንጥብ፣ ማለትም መተንፈሻውን፣ ያቃጥላል። ይህን መርዝ በሁለት ደረጃ ቀይረው የሚያለዝቡት ድንጋዩና ፊልተሩ ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ እስኪበቁ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የእኛ ገንዳ ገና 2 ሳምንቱ ነበር። በአንድ ቀን ስድስት ዓሣ ጨመርንበት። አሥር ሰው የሚችል ቤት ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ ሠርግ እንደ መደገስ ነው።

ታዲያ ላይ የሚኖረውን ዓሣ ትንፋሽ አጥሮት ላይ ከወጣው በምን እንለየው? ነርሶች በር ላይ የመጣውን በሽተኛ እንደምናይ ማየት ነው። ጤነኛው አካሉ ቀጥ ብሎ በአግድም ይቆማል። ክንፎቹ ተዘርግተዋል፤ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይገፋፋል። ምግብ ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። የታመመው አፉን ወደ ውኃው ጫፍ ያቀናና ጭራውን ዝቅ ያደርጋል፤ የጆሮው ክዳን ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፤ ወይም ፓምፑ ውኃ በሚተፋበት ቦታ ተጠግቶ ከዚያ አይለይም። ምግብ ሲጥሉለት አይዞርም። ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ቁጥር ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ አጠገቡ ካለው ከወገኑ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። አንዱ ብቻ ላይ ወጥቶ የሚያለከልክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው የእሱ ነው፤ ስንጥቡ ላይ ተውሳክ ሊኖር ይችላል። ሁሉም አንድ ላይ ከወጡ ግን የታመመው ውኃው ነው። የእኛ ስድስቱም ወጥተው ነበር። እኛ «ያማራል» አልን።

እንዲህ ሲሆን ፓምፑን ወደ ላይ አዙሮ የውኃውን ገጽ ማናወጥ፣ ካለ አየር የሚነፋውን ትንሽ መሣሪያ ማስገባት፣ አሞኒያውን በመለኪያው ማየት፣ ከዚያም ጨዉና ሙቀቱ እኩል ሆኖ በተዘጋጀ ውኃ ከፊሉን መለወጥ ነው። ከቧንቧ ቀድቶ ማፍሰስ ክሎሪኑ ራሱ ይጎዳል። አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር፤ መብራቱ በሻዖን ሻባት ቢበራና ቢጠፋ መልካም ነው፤ ፓምፑን ግን ከዚያው ሰዓት ላይ የሚሰካ ሰው አለ። ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ጠዋት ዓሦቹ ሁሉ ላይ ናቸው። ፓምፕ ሰዓት ላይ አይሰካም።

ወደ ምርጫው እንምጣ። አንቲያስ የሚባለውን ብርቱካንማ ዓሣ ኢላት ሄዶ ጭንቅላቱን ውኃ ውስጥ ያስገባ ሰው ያውቀዋል። በኮራሉ ላይ በመቶ እየሆነ እንደ ፍም ሲበር የሚታየው እሱ ነው። በመንጋ ይኖራል፤ ጥቂት ወንዶችና ብዙ ሴቶች ሆነው። ሌቭ ፊሸልሰን የተባሉት የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተመራማሪ በ1970 ባሳተሙት ጥናት፣ ወንዱ ከመንጋው ሲጠፋ ከሴቶቹ አንዷ ወደ ወንድነት እንደምትለወጥ አሳይተዋል። ይህን ካነበብን በኋላ አንድ አንቲያስ ብቻዋን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ማየት ከበደን። ከነመንጋዋ ካልሆነች ኑሮዋ ኑሮ አይደለም፤ መንጋ ደግሞ ትልቅ ገንዳ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ አንቲያስ ቀኑን ሙሉ የሚለቅም ዓሣ ስለሆነ በቀን 3 ጊዜና ከዚያም በላይ፣ በትንሽ በትንሹ መመገብ አለበት። በፈረቃ የምንሠራ ወላጆች ቤት ማን ነው በቀን 3 ጊዜ የሚመግበው? መልሱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አያት ነች። ልጅ የገዛውን ሁሉ በመጨረሻ የምታሳድገው እሷ ነች። የዓሣው ዋጋ በመለያው ወረቀት ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። አንቲያስ ለጀማሪ ቤት አይገባም ባዮች ነን።

ክሮሚስ ርካሽና ጠንካራ ተብሎ ይሸጣል፤ አንድ ላይ ሲዋኙም ዓይን ይማርካሉ። ግን አምስት ወይም ስድስት ገዝቶ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ያስገባ ሰው ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ የሚያገኘው አንድ ወይም ሁለት ነው። ጉልበተኛው ደካማውን እያሳደደ ያስርበዋል፤ ደካማው ይታመማል። ቀጥሎ ደግሞ ከሁሉም ደካማ የሆነው ተራውን ይይዛል። ከዚህም የባሰው እጅግ የሚያምረውና እጅግ የሚረክሰው ሰማያዊው ዳምሰል ነው። «አዲስ ገንዳ በእሱ ይጀመር፣ አይሞትም» ይላሉ። አለመሞቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ ገብቶ ቤቱን የራሱ ካደረገ በኋላ ግን የሚመጣውን ሁሉ ይነክሳል። እሱን ለማውጣት ድንጋዩን ሁሉ ማፍረስ ይጠይቃል። ርካሽ ነው ተብሎ እንደተከራየ መጥፎ ጎረቤት ቁጠሩት።

ልጆች በፊልም ያወቋትን ዶሪን ይጠይቃሉ። ሱቅ ውስጥ የጣት ያህል ሆና ትታያለች፤ ስታድግ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች። ቢጫው ታንግም ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ከጫፍ ጫፍ የሚዋኙ ናቸው፤ ለተራ ሳሎን የሚሆኑ አይደሉም። ፌሪ ራስ የሚባሉት ባለ ብዙ ቀለምና ጭራው ቀይ የሆነው ፋየርፊሽ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ይዘላሉ። በር ሲጓጎር፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ፣ ከገንዳው ወጥተው ሶፋው ሥር ደርቀው ይገኛሉ። ከላይ የሚዋኝ ዓሣ የሚገዛ ሰው በዚያው ቀን ገንዳውን የሚሸፍን ጥሩ መረብ ይግዛ። በመስታወት ክዳን መድፈን ሙቀቱን ያፍነዋል፤ መረብ ግን አየሩን ያሳልፋል።

እኛ ለቤተሰብ የምንመክረው ክላውንፊሽ ነው፤ ልጆቹ ኔሞ የሚሉት። ሁለት ይበቃሉ። በገንዳ ተፈልፍለው ያደጉ በብዛት ስለሚገኙ ከባሕር አፍኖ ማምጣት አያስፈልግም፤ ሰው የሚሰጠውን ምግብ ከልጅነታቸው ጀምረው ስለለመዱ አይራቡም። አድገው ከ8 ወይም 9 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፉም። በገንዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ከፍ ያለ ጥግ መርጠው እዚያ ይወዛወዛሉ። ብዙ ጊዜ አልን እንጂ ሁልጊዜ አላልንም፤ ዝቅ ያለ ቦታ የሚመርጡም አሉ። ቀጥሎ የባንጋይ ካርዲናል አለ፤ ብርማ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት፣ ረጋ ብሎ ውኃው መካከል የሚንሳፈፍ። ወንዱ እንቁላሉን በአፉ ይዞ እስኪፈለፈል ሳይበላ ይቆያል። ይህ ዓሣ በትውልዱ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በባንጋይ ደሴቶች አካባቢ ብቻ የሚገኝ ነው። ለሽያጭ በብዛት ስለተያዘ ከ2007 ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመዝግቧል። ስለዚህ በገንዳ የተራባውን ብቻ ግዙ። ወንዶቹ ስለሚጣሉ ጥንድ እንጂ መንጋ አይሁን።

እነዚህም ካልተገኙ ላዩ ባዶ ይቀመጥ። ባዶ ውኃ ጉድለት አይደለም። ብርሃኑ ሲያልፍበት ያምራል፣ ትንፋሹም ለታችኞቹ ይተርፋል።

ሱቅ ስትሄዱ የምትጠይቁት አራት ነገር አለ። በዕብራይስጥ ለማለት ለሚከብዳችሁ እንዲህ በሉ። «ጊዱል ኦ ሚን ሃያም?» በገንዳ የተራባ ነው ወይስ ከባሕር የተያዘ ማለት ነው። «ካማ ዝማን ሁ ኤጽለኼም?» ከእናንተ ዘንድ ስንት ጊዜ ቆየ። ትናንት የመጣ ዓሣ ገና ከመንገድ ድካሙ አላገገመም፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆይላችሁ። «ለኤይዜ ጎዴል ሁ ማጊዓ?» አድጎ ምን ያህል ይሆናል። አራተኛው ዋናው ነው፤ «ታርኤ ሊ ሼሁ ኦኼል»፣ ሲበላ አሳየኝ። ሲበላ ያላያችሁትን ዓሣ አትክፈሉበት። ጥሩ ሻጭ በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም የገንዳችሁን ውኃ በጠርሙስ አምጡና ልለካላችሁ ይላል። ደረሰኙንም ያዙ፤ የዓሣው ስምና ከየት እንደመጣ እንዲጻፍበት ጠይቁ።

እዚህ ላይ የእኛን ሱቅ ብቻ ብንወቅስ ግን ሙሉውን እውነት አልተናገርንም። አንቲያሱ ከሞተ በኋላ ልጁ ማታ አያቱ ክፍል ገባ። ሻጩ በዚያ ዓርብ «ውኃው ከቆመ ስንት ጊዜው ነው?» ብሎ ጠይቆት እንደነበር፣ እሱም «ሁለት ወር» ብሎ እንደመለሰ ነገራት። ለእሷ ያስተረጎመላት «ስንት ትፈልጋላችሁ ነው የሚለው» ብሎ ነበር። ሻጩም ቢሆን ውኃውን ሳይለካ ለአንድ ልጅ ስድስት ዓሣ በአንድ ጊዜ መሸጥ አልነበረበትም። ግን ጥያቄውን ጠይቋል። መልሱ መንገድ ላይ ቀረ።

እናታችን አልተቆጣችም። «ዓሣውን አልከለከልኩህም፤ እኔን ግን ዕውር አደረግኸኝ» አለችው። ልጁ አለቀሰ። እኛም በር ላይ ቆመን ሰማን።

ይህን የምንጽፈው ልጁን ለማሳጣት አይደለም፤ እሱም ይጻፍ ብሏል። በሥራችን በየሳምንቱ የምናየው ነገር ስለሆነ ነው። አያት ለደም ግፊት ይመጣሉ፣ የ12 ዓመት ልጅ ያስተረጉማል። እሳቸው ረዥም ነገር ይናገራሉ፤ ልጁ «ደህና ነኝ ይላሉ» ብሎ ይጨርሳል። አንዳንዱ ስለሚያፍር ነው፣ አንዳንዱ ስለሚቸኩል፣ አንዳንዱ ቃሉን ስለማያውቅ። ክሊኒክ ውስጥ ሲሆን እኛ አማርኛ ስለምናውቅ እንደገና እንጠይቃለን፤ ሱቅ ውስጥ ግን እንደገና የሚጠይቅ የለም። ልጅ የሚፈልገውን ዕቃ ራሱ እያስተረጎመ መግዛት የለበትም። ዕቃው ዓሣም ይሁን ስልክ፣ አብሮ የሚሄደው አዋቂ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይሁን። ያም ካልተገኘ ሻጩን በስልክ ከአንዳችን ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ስለ ጤናም አንድ ሁለት ነገር ሳንል አናልፍም፤ ሙያችን አያስችለንም። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ያለ ጓንት ገንዳው ውስጥ አታስገቡ። በዓሣ ገንዳ ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ ቆዳ ላይ ቀስ ብሎ ከሳምንታት በኋላ እባጭ የሚያወጣ ባክቴሪያ አለ። እንዲህ ያለ የማይድን እባጭ እጃችሁ ላይ ከወጣ ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ «ቤቴ የዓሣ ገንዳ አለ» በሉ፤ ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። የኤሌክትሪክ ገመዱም ወደ መሰኪያው ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይታጠፍ፤ ውኃ ቢከተለው ከታች ይንጠባጠባል እንጂ መሰኪያው ውስጥ አይገባም። ሚምሳር ፓሃት የሚባለው ማቋረጫ ቤታችሁ ውስጥ መኖሩንና መሥራቱን አረጋግጡ።

ምግቡን በተመለከተ በእኛ ቤት ሌላ ክርክር ነበር። እነዚህ ዓሦች የሚወዱት የቀዘቀዘ ማይሲስና አርቴሚያ ነው፤ ሁለቱም እንደ ሽሪምፕ ያሉ የውኃ ፍጥረቶች ናቸው። እናታችን በእኛ ፍሪዘር፣ ከሥጋዬ አጠገብ፣ አይገባም አለች። ተነጋግረን በተዘጋ ሣጥን፣ በሌላ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ከታች ለብቻው እንዲቀመጥ ተስማማች፤ የሚቆረጥበትም ቢላ ለብቻው ነው። ደረቁ ምግብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የስንዴ ዱቄት አለበት። ፋሲካ ከመድረሱ በፊት ጀርባውን አንብቡ፤ ያን ሳምንት በቀዘቀዘው ብቻ ማሳለፍ ይቻላል። ይህን ሱቅ ውስጥ ማንም አልነገረንም።

ሌላ ደግሞ፣ ኢላት ሄዶ ዓሣ ወይም ኮራል በጠርሙስ ይዞ ለመምጣት የሚያስብ ወጣት እንዳለ ሰምተናል። በኢላት የኮራል ዳርቻ ጥብቅ ሥፍራ ያን ማድረግ በሕግ የተከለከለ ነው። ማየት ለሚፈልግ በኢላት የውኃ ውስጥ መመልከቻው አለ፤ በኢየሩሳሌምም በ2017 የተከፈተ ትልቅ አኳሪየም አለ። የመግቢያው ዋጋ ከአንድ አንቲያስና ከሚሞትበት ገንዳ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

የእኛ ገንዳ አሁን አንድ ዓመት አልፎታል። የተረፈው አንዱ ክሮሚስ ብቻውን አለ። ከሁለት ወር ጥበቃ በኋላ የገቡት ሁለት ክላውንፊሾች በግራ በኩል ከፍ ካለው ድንጋይ በላይ ያለውን ጥግ ይዘዋል። ልጁ ውኃውን በየሳምንቱ ይለካና ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ለአያቱም በአማርኛ ያነብላታል፣ አንዳንዴ ቃሉ ሲጠፋው እያጉተመተመ። እሷ ቁጥሩን ሰምታ ስታበቃ እንደገና ወደ መስታወቱ ትጠጋና ራሷ ታያለች።

አንቲያስ አሁንም ያምረዋል። በሱኮት ኢላት ልንወስደው ቃል ገብተናል። እናታችንም ትመጣለች፤ ውኃ ውስጥ አልገባም፣ ታቹ መስታወት በሆነው ጀልባ ከሆነ ግን እሄዳለሁ ብላለች።